ዲኑ «መዝገቡን አጥፊው» ያሉኝ ዕለት

ከባጃጅ ወርጄ የኮሌጁን በር ሳልፍ ስልኬ ጮኸ። የኮሌጁ ዲን ነበሩ። እሳቸው ሲደውሉ ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ልጆቼን በየተራ ጠይቀው፣ ባለቤቴ መንገድ ላይ መሆን አለመሆኑን ጠይቀው ነው ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት። ያን ዕለት ግን «የት ደረስሽ?» ብቻ አሉኝ።

«በር ላይ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ኮምፒውተሮቹ ማንንም አናስገባም ብለዋል። ልጆቹ ፈተና ሊጀምሩ ነው። ቶሎ ነይ።»

ከዚያ የስልኩ መስመር ተዘጋ። ቦርሳዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ በግቢው አቋርጬ ሮጥኩ። ተማሪዎቹ የኮምፒውተር ክፍሉ ደጃፍ ላይ፣ ኒም ዛፎቹ ሥር፣ ጥላ ፍለጋ ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዳንዶቹ ሲያዩኝ «መጣች፣ መጣች» አሉ።

እኔ እዚህ ቆቦ ባለች አንዲት አነስተኛ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ክፍሉ ስም አለው እንጂ ሰው የለውም፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የሒሳብ ክፍሉ ሰው ፓስዎርዱን ሲረሳ የምጠራው እኔ ነኝ። ዲኑ ደግሞ ለእኔ አለቃ ብቻ አልነበሩም። ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሒሳብ አስተማሪዬ ነበሩ፤ «ጋሼ» ማለቱም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብሮኝ የቆየ ነው። ኮሌጁ ሊቀጥረኝ ሲል «ሴት ልጅ ኬብል ተሸክማ ጣሪያ ላይ ልትወጣ ነው?» ያለ ሰው ነበረ። «ስትወጣ ታያታለህ» ብለው የመለሱለት እሳቸው ናቸው። ሰው ፊት የማያሳፍሩኝ፣ ስሳሳት በር ዘግተው የሚነግሩኝ ሰው ናቸው። ይህን የምለው ያን ዕለት የሆነው ነገር ለምን እንደዚያ እንዳስፈራኝ እንዲታወቅ ብዬ ነው።

ክፍሉ ስገባ ዲኑ ከሰርቨሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ሰርቨር የምንለው ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚታዘዙት ዋናው ኮምፒውተር ነው፤ ተማሪ ስሙንና ፓስዎርዱን ሲያስገባ «ግባ» ወይም «አትገባም» የሚለው እሱ ነው። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ መልእክት ተጽፏል። የጥበቃው ሎግ ሞልቷል፣ ችግሩን ለመፍታት መግባት የሚችለው አስተዳዳሪው ብቻ ነው ይላል። አስተዳዳሪው ማለት እኔ ነኝ።

ለማያውቅ ሰው እንዲህ ልበለው። ኮምፒውተር የሚደርስበትን ሁሉ ለራሱ ይጽፋል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ፓስዎርድ ተሳሳተ፣ የትኛው ፎልደር በማን ተከፈተ፣ መብራት ሄዶ መቼ ድንገት ጠፋ። ሎግ የምንለው ይህን መዝገብ ነው። ብዙ ጊዜ ማንም አያነበውም። ሲሞላም አሮጌው እየጠፋ አዲሱ በላዩ ስለሚጻፍ ማንም ልብ አይለውም። የእኛው ግን እንደዚያ አልነበረም። በዚያ ዓመት ፈተና በኮምፒውተር መስጠት ስንጀምር፣ ፕሮግራሙን ከደሴ መጥቶ የጫነልን ሰው ጥንቃቄ ብሎ፣ ምንም ነገር እንዳይጠፋ፣ ሎጉ ከሞላም በሩ ለሁሉም እንዲዘጋ አድርጎት ሄዷል። የፈተናውን ፎልደር የነካ ሁሉ እንዲመዘገብም አድርጓል። ስለዚህ ሞላ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት እከፍታለሁ፤ በሦስት ፊደል ትእዛዝ ሎጉን ወደ ሌላ ቦታ እገለብጣለሁ፤ በሁለት ፊደል ትእዛዝ ደግሞ አጠፋዋለሁ። መገልበጡ ይቀድማል፤ ማጥፋቱ ይከተላል። እንደዚያ ነው የተማርኩት፣ እንደዚያ ነው የምሠራው።

«ምንድን ነው?» አሉኝ ዲኑ።

«ሎጉ ሞልቶ ነው ጋሼ። ገልብጬ አጠፋዋለሁ፣ ከዚያ ይገባሉ።»

«መገልበጥ ለምን አስፈለገ?»

«ምናልባት ከተጠየቀ…»

«አጥፊው» አሉ። «ሁሉንም አጥፊው። ግልባጭ አያስፈልግም። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ናቸው።»

ድምፃቸው የሳቸው አልመስል አለኝ። ዞሬ አየኋቸው። ላብ በግንባራቸው ላይ ነበር፤ እጃቸው የወንበሬን መደገፊያ ጭብጥ አድርጎ ይዟል። እኔ ደግሞ ያን ሳምንት ግቢው ውስጥ የሚወራውን ሰምቻለሁ። የአንድ ትምህርት የፈተና ጥያቄ ጎረቤት ከተማ ሮቢት ላይ በስልክ በፎቶ ሲዞር ታየ ይባል ነበር። ከዞን አጣሪዎች እንደሚመጡ ተነግሮናል። የሚጠበቁትም ዛሬ ነገ እየተባለ ነበር። አጣሪ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ሎግ ነው።

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበረ። ይህ ሎግ ሲጠፋ ባዶ ሆኖ አይቀርም። የሚጠፋው ሁሉ ከጠፋ በኋላ የመጀመሪያዋ መስመር ትጻፋለች፤ ሎጉ ጠፍቷል፣ ያጠፋውም እገሌ ነው የምትል። እገሌ ማለት እኔ ነኝ። ዲኑ ከኋላዬ ቆመው እንደነበረ፣ «አጥፊው» እንዳሉኝ፣ ማሽኑ አይጽፍም።

«ፍላሽ ልፈልግ» ብዬ ተነሣሁ። ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነበረ።

«ልጄ፣ እንዳትዘገዪ» አሉ። «ልጄ» ሲሉኝ ደግሞ ባሰብኝ።

ከክፍሉ ሳልወጣ መብራት ሄደ። የጣሪያው ቬንትሌተር ቀስ እያለ ቆመ። ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ ጥዝ፣ ጥዝ እያለ ይጮህ ጀመር። ተመልሼ ሰርቨሩን በወጉ አጠፋሁት። የኮሌጁ ጄኔሬተር ነዳጅ አልነበረውም። ፈታኞቹ ለተማሪዎቹ «ከሰዓት በኋላ ተመለሱ» አሏቸው። መብራት ስለሄደ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ከግቢው ኋላ፣ የአናጢ ክፍሉ ጥግ ጋ ሄጄ ለባለቤቴ ደወልኩ። ሚኒባስ ይነዳል፤ ከቆቦ በዋጃ በኩል አላማጣ ይመላለሳል። ዋጃ ላይ ሰው እየጠበቀ ነበር፤ ረዳቱ ሲጣራ ይሰማኛል። ያለውን ነገርኩት።

«ጋሼ?» አለ። «እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ? ኧረ ወላሂ አላምንም።»

«እኔም አላምንም። ግን እንዴት ያለ አጥፊው ነው? ግልባጭ እንኳ አትያዥ ይባላል?»

«በቃ በወረቀት ይስጡኝ በያቸው» አለኝ። «አጥፊው ብለው ይፈርሙ። ካልፈረሙ አትንኪው።»

«እንዴት አድርጌ ነው እሳቸውን ፈርሙ የምላቸው? ያስተማሩኝ ሰው ናቸው እኮ።»

«ነገ አጣሪው ስምሽን ሲያነብ እሳቸው አስተምረዋታል አይልም። አብሽሪ። ቀስ ብለሽ፣ በአክብሮት ንገሪያቸው።»

ስልኩን ዘግቼ እዚያው ቆምኩ። ያሰብኩትን ሁሉ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ከሥራ ስባረር ታየኝ። ገበያ ስወጣ ሰው ዞር ብሎ «ፈተና የሸጠችው» ሲለኝ ታየኝ። የትልቋ ልጄ አስተማሪ ይህን ሰምታ ልጄን በዚያ ዓይን ስታያት ታየኝ። ከዚያ ደግሞ እሳቸውን አሰብኩ። እጃቸው ከሰው ኪስ ገብቶ የማያውቅ፣ ዛሬም ያንኑ አሮጌ ኮት የሚለብሱ ሰው። ምን አግኝተው ነው? ማን አስገድዷቸው ነው? ሁለቱን ሐሳብ እያቀያየርኩ ምሳ ሰዓት አለፈ። የያዝኩትን ምሳ ቀምሼ እንኳ አላየሁትም።

መብራት የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰርቨሩን አስነሣሁ፤ መልእክቱ እንዳለ ነው። ዲኑ መጡ። አሁንም ከኋላዬ ሊቆሙ ሲሉ ወንበሬን አዙሬ ፊት ለፊት ሆንኳቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ግልባጭ ሳልይዝ አጥፊው ካሉኝ በወረቀት ይጻፉልኝ። ፊርማዎ ይኑርበት። ሲጠፋ የሚጻፈው የእኔ ስም ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ሄደው በሩን ዘጉት። ከዚያ ከተማሪ ወንበሮች በአንዱ ላይ ቁጭ አሉ፤ ለሳቸው የማይሆን ዝቅተኛ ወንበር ነው፣ ጉልበታቸው ወደ ላይ ወጣ።

«ልጄ አዳማ አይደለም ያለው» አሉኝ።

አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ትንሽ ሆኖ እጃቸውን ይዞ ኮሌጁ ሲመጣ አውቀዋለሁ። አዳማ አጎቱ ጋ ሄዶ ሥራ እየለመደ ነው ብለው ለሁላችንም ነግረውናል።

«የት ነው ታዲያ?»

«አላውቅም» አሉ። «ከጓደኞቹ ጋር በአፋር በኩል ወጣ። ጅቡቲ ገባሁ ብሎ አንድ ጊዜ ደወለ። ባሕሩን ልንሻገር ነው አለኝ፤ አትሻገር ብዬ ለመንኩት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።»

በእኛ አገር ይህ ወሬ አዲስ አይደለም። ከራያ ቆላ ልጅ ያልሄደበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ሳዑዲ ደርሶ ቤት የሠራ አለ፣ ታስሮ የተመለሰ አለ፣ ባሕሩ ላይ የቀረ አለ። ግን የዲኑ ልጅ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«እናቱስ?»

«አዳማ ነው ብላ ነው የምታምነው። ልቧን ያማታል፤ ሐኪሙ አታስደንግጧት ብሏል። ደውሎ ነበር፣ አንቺ ገበያ ሄደሽ ነበር እላታለሁ። ሰላም በላት ብሏል እላታለሁ።» ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ጠረጉ። «የሞባይል ኢንተርኔት አይሠራም። እዚህ በገመዱ ይሠራል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እዚህ እመጣለሁ። የመን ላይ የተያዙትን ልጆች ፎቶ የሚለጥፉ ሰዎች አሉ። አንድ በአንድ አያለሁ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ባሕር የተፋቸውንም ይለጥፋሉ። እነሱንም አያለሁ።»

«አላህ ያውጣው» አልኩ።

«አጣሪዎቹ መጥተው ሎጉን ሲከፍቱ፣ እሑድ እሑድ ዝግ ክፍል ውስጥ ምን ትሠራ ነበር ይሉኛል። ያየሁትን ሁሉ ጮክ ብለው ያነቡታል። ከተማው ይህችው ናት፤ ሳይመሽ እሷ ጆሮ ይደርሳል። ለዚህ ነው አጥፊው ያልኩሽ። ሌላ የለበትም።»

አመንኳቸው። ግን ፍርሃቴ ከማመኔ ጋር አልሄደም፤ እንዲያውም አሁን ለሁለት ሰው መፍራት ጀመርኩ። ወንበሬን አስጠጋሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ ሎግ ያዩትን ነገር አይጽፍም። ፎቶም፣ ገጽም አይዝም። በዚህ ቀን ገቡ፣ በዚህ ቀን ወጡ ብቻ ነው የሚለው።»

ቀና አሉ። «ያየሁትን አይልም?»

«አይልም።»

«ገባ ካለ ግን ለምን ገባ ይመጣል።»

«ይመጣል» አልኩ። ልዋሻቸው አልፈለግሁም። «ግን የፈተናውን ፎልደር ማን እንደከፈተም የጻፈው ይኸው ሎግ ነው። እርስዎ ካልነኩት፣ እንዳልነኩት ይታያል። ካጠፋነው ግን የሚታየው እኔ እንዳጠፋሁት ብቻ ነው። እሑድ እሑድ እዚህ መምጣትዎን ደግሞ ዘበኛው ያውቃል። ያን ጊዜ ሁለታችንንም የሚያድነን የለም።»

ውጭ ተማሪዎቹ ተመልሰው መጥተው ድምፃቸው ይሰማል። ዲኑ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ስክሪኑ አዩ። ሒሳብ ሲያስተምሩን ሰሌዳው ላይ የጻፉት ሲሳሳት እንደዚያ ነበር የሚያዩት፤ ሳያጠፉ በፊት ትንሽ ቆመው።

«ገልብጪው» አሉ።

ፍላሹን ከኪሴ አወጣሁ። ከየት እንደመጣ አልጠየቁኝም። ሦስቱን ፊደል ጻፍኩ፣ የሎጉን ስም ጻፍኩ፣ የሚቀመጥበትን ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ። ግልባጩ ካለቀ በኋላም አላመንኩትም፤ ፍላሹ ላይ ከፈትኩት፤ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። አለ። እሑዶቹም አሉ። ዓይኔን ከነሱ ላይ ቶሎ አነሣሁ።

ከዚያ ሁለቱን ፊደል ጻፍኩ። ከመጫኔ በፊት «ቢስሚላህ» አልኩ። እሳቸውም ከጎኔ አማተቡ። ተጫንኩት።

ይህ ትእዛዝ ሲሳካ ምንም አይልም። «ጨርሻለሁ» አይልም፣ «ጠፍቷል» አይልም። ጠቋሚዋ አዲስ መስመር ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ በቃ። በሩን የዘጋችውን ቅንብር መልሼ አስተካክዬ፣ ሎጉን ስከፍት ያች መስመር ከነስሜ ተቀምጣለች። በሩን ከፈትንላቸው፤ ልጆቹ ገቡ፤ ፈተናው ተጀመረ።

አጣሪዎቹ የመጡት በማግሥቱ ነው። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። መጀመሪያ የጠሩት እኔን ነበር። ሴትዮዋ ሰርቨሩን አስከፈተችኝ።

«ይኼ ሎግ ትናንት ጠፍቷል» አለች።

«አዎ።»

«ስሙ ያንቺ ነው።»

«አዎ፣ የእኔ ነው።»

ከወንዶቹ አንዱ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እኛ እንደምንመጣ እያወቅሽ?»

ሞልቶ እንደነበረ፣ ተማሪ አላስገባ እንዳለ ነገርኳቸው። ፍላሹንም ሰጠኋቸው። ሴትዮዋ ሥራውን የምታውቅ ነበረች፤ ከፍታ ዝም ብላ ብዙ አነበበች። በመጨረሻ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«ይኼ እሑድ እሑድ የሚገባው ዲናችሁ አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ምን ሊሠሩ?»

አውቃለሁ። ግን የእኔ አይደለም። «እሱን እሳቸውን ብትጠይቋቸው ይሻላል» አልኩ።

አስወጡኝና እሳቸውን አስገቡ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ከተዘጋው በር የሚወጣ ድምፅ ለመስማት አልሞከርኩም፤ መስማትም አልፈለግሁም። ከቆይታ በኋላ ከወንዶቹ አንዱ ወጥቶ ከሻይ ቤቱ የታሸገ ውኃ ገዝቶ ተመልሶ ገባ። ያን ጊዜ እንደነገሯቸው አወቅሁ።

ሲወጡ ፊታቸው ገርጥቷል። ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ነገርኳቸው» አሉኝ። «አሁን ቤት ልሂድ። ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማው እኔ ልንገራት።» ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። «አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ልቧ ቢደክም ብቻዬን…»

በባጃጅ ሄድን። መንገዱን በሙሉ አልተናገሩም። እኔ የጤና ጣቢያው መንገድ በየት በኩል እንደሚቀርብ፣ ማንን እንደምጠራ በልቤ እያሰላሁ ነበር። ባለቤታቸው ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ማሽላ ይለቅሙ ነበር። እኔን ሲያዩ ሰፌዱን አስቀመጡት፤ ሰው ያለ ምክንያት በሥራ ሰዓት እንደማይመጣ ያውቃሉ።

ዲኑ ቆመው ነገሯቸው። አላሳመሩትም። ጅቡቲን፣ ባሕሩን፣ ደወለ እያሉ የዋሹትን፣ እሑዶቹን። እኔ የምመለከተው የባለቤታቸውን እጅ ነበር፤ ደረታቸውን ይይዛሉ ብዬ። አልያዙም።

«እሑድ እሑድ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዓይንህ ቀልቶ ስትመጣ፣ ቆይተህ ስትመጣ… እኔ እኮ ሌላ ሴት ይዘህ መስሎኝ ነበር።»

«ስንት ጊዜ ነው ያለቀስኩት» አሉ ባለቤታቸው። «አርጅቶ አዋረደኝ እያልኩ። ለእህቴ እንኳ ነግሬያታለሁ።» ያን ጊዜ ነው ድምፃቸው የተሰበረው። ተነሥተው ባላቸውን ደረታቸው ላይ በቡጢ መቷቸው፤ ጠንከር ያለ ምት አልነበረም። ከዚያ ግንባራቸውን እዚያው በመቱበት ቦታ አስደግፈው አለቀሱ። እኔ ዞር ብዬ የግቢውን አጥር አየሁ።

ለቅሶው ሲበርድ በነጠላቸው ፊታቸውን ጠርገው፣

«አሳየኝ» አሉ። «እኔም ልይ። አንተ ብቻህን አይተህ አትጨርሰውም። ዓይንህ ደክሟል፣ የገዛ ልጅህን ብታልፈውስ?»

አጣሪዎቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውጤቱን አሳወቁ። ጥያቄው ፎቶ የተነሣው ወደ እኛ ሰርቨር ከመግባቱ በፊት፣ ሌላ ቦታ፣ በወረቀት ሳለ ነው ተባለ። ከእኛ ግቢ ፎልደሩን የነካ ያልተፈቀደለት ሰው አልተገኘም። ዲኑ በዝግ ቀን ክፍሉን በመክፈታቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። እኔ ሎጉን በየጊዜው እየገለበጥኩ እንዳጠፋ ታዘዝኩ።

ወሬው ከተማውን ዞረ። ሰው ግን ዲኑ እንደፈሩት አልሆነም። ሦስት አራት አስተማሪዎች በየተራ ቢሯቸው እየገቡ የእህታቸውን ልጅ፣ የወንድማቸውን ልጅ ፎቶ ሰጧቸው፤ ሲያዩ እግረ መንገዳቸውን እነሱንም እንዲፈልጉላቸው። ኮሌጁም እሑድ ክፍሉ በእኔ ኃላፊነት እንዲከፈት ፈቀደ። ባልና ሚስቱ አንድ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እሳቸው ገጹን ያወርዳሉ፤ ሚስታቸው «ቁም» ይላሉ፣ «ተመለስ» ይላሉ፣ «ቀጥል» ይላሉ። እኔ ጥግ ላይ ሥራ ያለኝ እመስላለሁ። «ቁም» ባሉ ቁጥር ግን ቀና ብዬ አያቸዋለሁ። እንዲህ እያለ ክረምቱ ገባ፣ ወጣ።

ስልኩ የተደወለው በሥራ ቀን ነው፣ ዲኑ ቢሮ ውስጥ ፕሪንተራቸውን እየሠራሁ ሳለሁ። ረጅም፣ የማይታወቅ ቁጥር ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲደወል ምን ሊሆን እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን፤ አግተነዋል የሚልም ይሆናል፣ ሞቷል የሚልም ይሆናል። አንሥተው «አቤት» አሉ።

ከዚያ ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስልኩን ከጆሮአቸው አርቀው አዩትና ድምፁ ለእኔም እንዲሰማ አደረጉት፤ የሰሙትን ሌላ ሰው እንዲያረጋግጥላቸው የፈለጉ መሰለኝ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ድምፁ ጎርንኖ ነበር። ለብዙ ጊዜ የመን ታስሮ እንደቆየ፣ አሁን ሳዑዲ ጠረፍ ላይ የሰው ፍየል እንደሚጠብቅ፣ ስልኩ የጓደኛው እንደሆነ፣ ካርዱ ሊያልቅ እንደሆነ ተናገረ። እናቱን ጠየቀ። ዲኑ «ደህና ናት፣ ደህና ናት» አሉ፤ አሁን እውነት ነበር። እኔ ፕሪንተሩ ላይ አጎንብሼ «አልሐምዱሊላህ» እያልኩ ነበር፤ ለእኔው ብቻ።

«አባዬ» አለ ልጁ፣ «ማሽላው እንዴት ነው? ዘንድሮ ያዘ?»

ዲኑ ስልኩን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከግቢው አጥር ባሻገር እስከ ተራራው ግርጌ ሜዳው ይታያል። የልጁ ካርድ እስኪያልቅ ድረስ ማሽላው በየትኛው በኩል እንዳፈራ፣ በየትኛው በኩል ወፍ እንዳጠቃው አንድ በአንድ ነገሩት።